ፎጣ ክፍል እየሠራሁ ስኳሽ እጫወታለሁ፤ እንጀራዬ ላደርገው እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። 19 ዓመቴ ነው። ካዛንቺስ ያለ ሆቴል የስፖርት ክፍል ውስጥ ፎጣ አቀብላለሁ፣ ኮርት አጸዳለሁ። ማታ ማታ አካውንቲንግ እማራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ስኳሽ የጀመርኩት አጫዋች ያጡ እንግዶች ‹ና ግባ› እያሉኝ ነው፤ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ማንም እንግዳ አሸንፎኝ አያውቅም። በ2028 ኦሎምፒክ ሊገባ ነው ሲባልም ሰማሁ። ትምህርቱን አቁሜ ሙሉ ጊዜዬን ልስጠው? ሰው በዚህ ይተዳደራል? እናቴ አብደሃል ትለኛለች።»

ምላሽ፦

እናትህን ሰላም በልልኝ። አላበድክም፤ ትምህርቱን ግን አታቁም። መልሴ ስለሚረዝም መሀል ላይ ሰልችቶህ ብትተወው እንኳ ይህቺ እንዳታመልጥህ ብዬ ነው ያስቀደምኳት። (ካዛንቺስ ስትል ደግሞ የቱ ካዛንቺስ ቀረና አልኩ። ሆቴሎቹ ለካ አሉ። ስኳሽን ለማያውቅ አንባቢ ደግሞ፦ በአራት ግድግዳ በታጠረ ኮርት ውስጥ ሁለት ሰዎች ትንሽ የጎማ ኳስ በራኬት እየተፈራረቁ ከፊት ግድግዳ ጋር የሚያላትሙበት ጨዋታ ነው።)

ከጻፍከው ሁሉ ያስደነገጠኝ «ካለፈው መስከረም ወዲህ ማንም አሸንፎኝ አያውቅም» ያልከው ነው። አንተ እንደ ምስክር ወረቀት አቀረብከው፤ እኔ እንደ በሽታ ምልክት አነበብኩት። ስምንት ወር ያልተሸነፈ ተጫዋች ስምንት ወር አልተማረም። እስኪ የምታሸንፋቸውን ሰዎች አስባቸው። አብዛኞቹ ለአፍሪካ ኅብረት ወይም ለኢሲኤ ስብሰባ መጥተው ሦስት ቀን አድረው የሚሄዱ፣ ሃምሳን ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ተጫውተው የተዉ ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ያዲስ አበባ አየር ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። ሁለተኛው ጌም ላይ (ሦስት ጌም ቀድሞ የወሰደ ነው የሚያሸንፈው) ጉልበቱን ይዞ የሚያጎነብሰውን እንግዳ አይተኸዋል አይደል? እሱን ያሸነፍከው አንተ ብቻ አይደለህም፤ እንጦጦም አግዞሃል።

የራሴን ልንገርህ። እኔም በዚሁ በመሀል ከተማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆቴል፣ ኳስ አቀባይ ሆኜ ነው የጀመርኩት። 23 ዓመት ሲሞላኝ በግቢው የሚያሸንፈኝ ጠፋ። የክፍሉ አለቃ «አንተን ይህ አገር አይበቃህም» እያለ ልቤን አሳበጠው። አንድ ክረምት ያጠራቀምኳትን ይዤ በሞያሌ በኩል በአውቶብስ ናይሮቢ ወረድኩ፤ እዚያ ክለቦቹ ከኛ ይልቅ ብዙ ኮርት፣ ብዙ ተጫዋች አላቸው። በመጀመሪያው ዙር የደረሰኝ ጥርሱ ላይ ሽቦ የታሰረለት የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ያኔ ጌሙ የሚቆጠረው እስከ 9 ነው። 9 ለ 1፣ 9 ለ 0፣ 9 ለ 2። ሰዓቱን አይቻለሁ፤ 21 ደቂቃ። የስንት ቀን መንገድ ተንገላትቼ 21 ደቂቃ! ሲያልቅ የልጁ እናት መጥታ የማንጎ ጭማቂ ሰጠችኝ። ከሽንፈቱ ይልቅ ያቺ ጭማቂ ናት እስከ ዛሬ የምታቃጥለኝ።

ልጁ ከኔ የሚፈጥን እንዳይመስልህ። መስመሮቹ ከሚገናኙበት፣ ቲ ከምንላት ቦታ፣ አልነቀልም ብሎ ቆመ። ኮርቱ ርዝመቱ 9.75 ሜትር፣ ወርዱ 6.40 ሜትር ነው፤ ቲ ላይ የቆመ ሰው የትኛውም ጥግ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። እኔ ከግድግዳ ግድግዳ ስላተም እሱ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ሆቴል ውስጥ በሩጫ ሁሉንም ስለምደርስበት፣ የትም ቆሜ ብጠብቅ ለውጥ የሌለው ይመስለኝ ነበር። የሚቀጣኝ አልነበረማ።

ሁለተኛው ነገር ኳሷ ናት። ይህንን እዚህ የሚነግርህ ብዙ ሰው ስለማይኖር ዘርዘር ላድርገው።

ኳሷን በእጅህ ያዛት። ስፋቷ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 24 ግራም ገደማ፣ ውስጧ አየር የታሸገባት ጎማ ናት። ቀዝቃዛዋን ብትጥላት እንደ ድንች ዱብ ትላለች። ስትመታት ትሞቃለች፣ ውስጧ ያለው አየር ይወጥራታል፣ መንጠር ትጀምራለች፤ ከጨዋታ በፊት ኳስ የምናሞቀውም ለዚህ ነው። ሁለት ቢጫ ነጥብ ያለባት የውድድር ኳስ ናት፣ ዝግተኛዋ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። ከውጭ የሚጫናት አየር ስለሚሳሳ ውስጧ የታሸገው አየር እንዳሻው ይለጥጣታል፤ በበረራዋም ላይ የሚይዛት ትንሽ ነው። ስለዚህ ያቺው ዝግተኛ ኳስ እዚህ ፌንጣ ትሆናለች። ለከፍተኛ ቦታ ተብላ የተሠራች አረንጓዴ ነጥብ ያለባት ኳስ መኖሯም ለዚህ ነው፤ እዚህ ገዝቶ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ ጨዋታህን ምን እንደሚያደርገው ልብ በል። የኋላውን ግድግዳ የመታችው ኳስ እስከ ኮርቱ ወገብ ትመለስልሃለች። ጥግ ገብታ አትሞትም፤ ዘግይተህም ታገኛታለህ። ድሮፕ (ፊት ግድግዳው ሥር እንድትሞት በቀስታ የምትጣል ምት) ብትጥል፣ ከቆርቆሮው (ከፊት ግድግዳው ሥር ካለው፣ ኳስህ ከነካው ነጥቡን ከምታጣበት) በላይ ብታስጠጋት እንኳ፣ ተነስታ «ና ምታኝ» ትላለች። ስለዚህ ድሮፕ መጣል ትተህ መደብደብ ትለምዳለህ። እዚህ አገር ያደግን ሁላችን ደብዳቢዎች ነን፤ ሰው ሲጫወት ከሦስት ምት በኋላ የት እንደተማረ እነግርሃለሁ። አሁን ይህንን ጨዋታ ይዘህ ካይሮ ውረድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም። ኮርቱ ደግሞ ዙሪያው መስታወት፣ አየሩ የቀዘቀዘ ከሆነ ኳሷ ጥግ ገብታ ትቀራለች። ናይሮቢ እንኳ፣ እሷም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና፣ ለኔ ኳሷ ሞታብኝ ነበር።

መፍትሔው እጅህ ላይ ነው። ሁለት ኳስ ከሆቴሉ ባር ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ፤ የባሩን ልጅ ለምነው። ስትለማመድ አንዷ ስትሞቅ መልሰህ ሌላዋን አውጣ። በቀዝቃዛ ኳስ ጉልበት አይረዳህም፤ ዝቅ ብለህ፣ እግርህን አስቀድመህ፣ ከሥሯ ገብተህ ካልመታሃት ቆርቆሮውን ትመታለች። የመጀመሪያው ሳምንት ያስለቅስሃል። በከፍታ ማደግ ደግሞ እርግማን ብቻ አይደለም። ኮሎምቢያዊው ሚጌል አንኼል ሮድሪጌዝ ከቦጎታ ነው፤ ቦጎታ 2,600 ሜትር ላይ ናት፣ ከኛም ትበልጣለች። በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው የምጽፈው) የብሪቲሽ ኦፕንን፣ የዚህን ስፖርት ስመ ጥር ውድድር፣ ፍጻሜ ከግብፃዊው መሐመድ ኤልሾርባጊ ጋር ተጫውቶ በአምስት ጌም አሸነፈ። ከደቡብ አሜሪካ ያንን ዋንጫ ያነሳ ከሱ በፊት አልነበረም። ሳንባውና እግሩ ከፍታው የሰጠው ሊሆን ይችላል።

ፎጣ ከማቀበል የተነሳ ሰው የለም ወይ እንዳትለኝ፣ አለ። የዚህን ሙያ ታሪክ የጻፉት እንዳንተ ያሉ ልጆች ናቸው። ሃሺም ካን ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ፔሻዋር አጠገብ ናዋኪሌ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ በእንግሊዝ መኮንኖች ክበብ ኳስ እያቀበለ፣ ጣሪያ በሌለው ኮርት በባዶ እግሩ ተማረ። በ1951 ለንደን ሄዶ ብሪቲሽ ኦፕንን ሲያሸንፍ ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር፤ በፍጻሜው የረታው ግብፃዊው ማህሙድ ከሪም ዋንጫውን አራት ጊዜ በተከታታይ የወሰደ ሰው ነው። ሃሺም በድምሩ ሰባት ጊዜ ወሰደው። ይህንን ታሪክ ስሰማ እኔም እንዳንተ ልቤ ዘለለ። ሲወራ የሚታለፍ ነገር ግን አለው። ሃሺም መንደሩ ውስጥ ብቻውን አልነበረም። በ1957 ዘመዱ ሮሻን አሸነፈ፤ ከ1959 እስከ 1962 ታናሽ ወንድሙ አዛም አራት ጊዜ አሸነፈ። ኋላ የሮሻን ልጅ ጃሃንጊር መጥቶ ከ1982 እስከ 1991 አሥር ጊዜ በተከታታይ ወሰደው። የእንግሊዞቹ ክበብ ኮርቱን ሰጣቸው እንጂ ተጫዋች ያደረጋቸው እርስ በርስ መሸናነፋቸው ነው።

ግብፅም እንደዚያው ናት። በ1996 ፒራሚዶቹ ሥር የመስታወት ኮርት ተተክሎ ውድድር ተደረገ። አሕመድ ባራዳ የሚባል አፍላ ወጣት ማንም ሳይጠብቀው ፍጻሜ ደረሰና በፓኪስታናዊው ጃንሸር ካን ተሸነፈ። ተሸነፈ፣ ግን አገር አየው። የካይሮና የአሌክሳንድሪያ ሕፃናት ወደ ክለቦቹ ጎረፉ። ዛሬ እዚያ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ራኬት ይይዛል፤ በአሥር ዓመቱ ከሱ የሚሻሉ ሃያ ልጆች እዚያው ግቢ ውስጥ ያገኛል። አንተ በ16 ዓመትህ ጀምረህ ከነዚያ ልጆች ጋር ነው የምትሰለፈው።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ፤ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ መቶ ተጫዋቾች ውስጥ አትገባም ብዬ ነው የማስበው። በ16 ዓመት ጀምሮ፣ ካንተ የሚበልጥ ሳይኖርህ፣ የሚሆን አይደለም። ብትገባ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ ጭማቂውንም እኔ ነኝ የምገዛው። 2028 ስኳሽ ሎስ አንጀለስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ይገባል፤ እውነት ነው፣ ውሳኔው በ2023 ሙምባይ ላይ ነው የተላለፈው። ቦታው ግን ጥቂት ነው። አንተና እኔ በቴሌቪዥን እናየዋለን።

ይህ ማለት ግን ሙያው ተዘጋብህ ማለት አይደለም፤ የገንዘቡን ነገር ስነግርህ ይገባሃል።

ፕሮፌሽናል ስኳሽን የሚመራው ፒኤስኤ የሚባለው ማኅበር ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ወንዱም ሴቱም በሱ ሥር ነው። አባል ትሆናለህ፣ ውድድር ትመዘገባለህ፣ በደረስክበት ዙር ልክ ነጥብ ታገኛለህ፣ በነጥብህ ደረጃ ይወጣልሃል፤ ከፍ ያለው ውድድር የሚያስገባህ ደረጃህ ነው። ጫፉ ላይ ገንዘብ አለ። በ2019 ቺካጎ ላይ የተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ለወንዶችና ለሴቶች በድምሩ አንድ ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ነበር። ታች ደግሞ ጀማሪዎቹ የሚገቡባቸው ቻሌንጀር የሚባሉት ውድድሮች አሉ፤ ትንሹ ለሁሉም ተጫዋች ያቀረበው 3,000 ዶላር ነው። 24 ሰው እኩል ቢካፈለው ለአንድ ሰው 125 ዶላር ነው፤ እኩል ደግሞ አይከፋፈልም፣ መጀመሪያ ዙር የወደቀው የሚያገኘው የእራት ነው። የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ አልጋ፣ የራኬት ጅማት ሁሉ ካንተ ኪስ ነው። አካውንታንት ልትሆን አይደል? አስላው።

ታዲያ ደረጃው ዝቅ ያለው ተጫዋች በምን ይኖራል? ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ኔዘርላንድስ የክለብ ሊግ አለ፤ ለክለብ ተጫውቶ ይከፈለዋል። አብዛኛው ግን ጠዋት ራሱ ይለማመዳል፣ ከሰዓት የሌሎችን ልጆች ያሠለጥናል። አሠልጣኝነት ሲያረጁ የሚገቡበት ጡረታ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙያውን የሚያበላው እሱ ነው። እኔ ሦስት ልጆች ያሳደግሁት በዚህ ነው፣ አንድም ዋንጫ ሳላነሳ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮርቱ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ልጅ ይዞ በትዕግሥት የሚያስተምር ደግሞ ከኮርቱም ያንሳል። አማርኛም እንግሊዝኛም የምትናገር፣ ሒሳብ የተማርክ፣ ኮርት የምታስተዳድር የ25 ዓመት ሰው ብትሆን ሆቴሉ ፎጣ ክፍል አያቆይህም።

የትምህርቱን ነገር ካነሳን፣ በዚህ ስፖርት ዩኒቨርሲቲ የሚንቅ የለም። ዓሊ ፋራግ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት ሃርቫርድ ገብቶ ምህንድስና ጨርሷል። አሜሪካ ውስጥ ትሪኒቲ የሚባል ኮሌጅ ከየአገሩ ልጆች እየሰበሰበ 252 ግጥሚያ ሳይሸነፍ ኖሯል፤ በ2012 ነው የቆመው። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለው ወላጅ ይህንን እያነበበ ከሆነ ያቺን መንገድ ያስብባት። ላንተ አልፋለች ብዬ ነው የማምነው።

ወደ ተነሳንበት እንመለስ፣ የሚያሸንፍህ ሰው። ማሌዥያዊቷ ኒኮል ዴቪድ አገሯ ላይ የሚስተካከላት ሲጠፋ አምስተርዳም ሄዳ አሠልጣኝ ሊዝ ኧርቪንግ ዘንድ ገባች። ከ2006 እስከ 2015 ዘጠኝ ዓመት የዓለም አንደኛ ሆና ቆየች። ይበልጥ የምወደው ግን የኒውዚላንዱን ሮስ ኖርማንን ነው። ጃሃንጊር ከአምስት ዓመት በላይ ማንም ሳይረታው ሲኖር ኖርማን እየገባ ይሸነፋል፣ እየገባ ይሸነፋል። በ1986 ቱሉዝ ላይ በዓለም ኦፕን ፍጻሜ ጣለው። ያን ሁሉ ሽንፈት ባይቆጥር ኖሮ ያቺ ቀን አትመጣም ነበር።

አምስተርዳም ሂድ አልልህም። እዚሁ ያለህን በዘዴ ተጠቀምበት። ከእንግዳ ጋር ስትጫወት ጌሙን 0 ለ 8 እየተመራህ ጀምር፤ ዛሬ ጌሙ እስከ 11 ስለሆነ ሁለት ስህተት ብቻ ነው የተፈቀደልህ፣ ሦስተኛው ይዘጋዋል። ሌላ ቀን ደግሞ ኳሷ ከሰርቪስ ሳጥኑ (ጨዋታ ስናስጀምር ከምንቆምበት፣ ወለሉ ላይ ከተሠመረው አራት ማዕዘን) ኋላ ካልወደቀች ነጥብ አይቆጠርልኝ ብለህ ለራስህ ሕግ አውጣ። ለእንግዳው መንገር የለብህም፤ በትህትና ተጫውቶ ደስ ብሎት ይሂድ፣ ጉርሻውንም አትጣ። ከዚያ ከተማው ውስጥ የሚኖሩ ግብፃውያን፣ ሕንዶች፣ ፓኪስታኖች ፈልግ። ኤምባሲ ግቢም ይሁን ሌላ ሆቴል፣ «ኳስ ላቀብልና አንድ ጌም አጫውቱኝ» በል። እንዲህ ስትል የሚያሳፍርህ ከሆነ ናይሮቢ የበለጠ ታፍራለህ።

ለእግርህ መስቀል አደባባይ ይበቃሃል፤ ከሯጮቹ ጋር በደረጃው ላይ በጠዋት። ግን ረጅም ሩጫ ብቻ አታብዛ። ስኳሽ የሚፈልገው ዘልቆ መግባት፣ መቆም፣ ዝቅ ማለት፣ መመለስ ነው። ኮርቱ ባዶ ሲሆን ያለ ኳስ፣ ያለ ራኬትም ቢሆን፣ ከቲ ወደ ስድስቱም አቅጣጫ (ፊት፣ ጎንና ኋላ፣ በግራም በቀኝም) እየሄድክ ተመለስ፤ አርባ ሰከንድ ሥራ፣ ሃያ ሰከንድ ዕረፍ። ጉልበትህ ካመመህ አቁም። የዚህ ሙያ ፈረንካ የሚከፈለው በጉልበትና በባት ጅማት ነው፤ ራሚ አሹር የሚያህል ባለ ተሰጥኦ በ31 ዓመቱ የተወው ሰውነቱ እምቢ ብሎት ነው። ደግሞ ስትጫወት የዓይን መከላከያ መነጽር አድርግ። ያቺ ኳስ ከዓይን ጉድጓድ ጋር ልክ ናት፤ ቴኒስ ኳስ አጥንት ላይ ትቀራለች፣ ይቺ ግን ትገባለች። እዚህ ከተማ ኮርት ውስጥ መነጽር የሚያደርግ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነው ደጋግሜ የምጨቀጭቀው።

ክረምት ላይ ትምህርቱ ሲዘጋ ናይሮቢ ሂድ። ውድድር ባታገኝ ክለብ ገብተህ አጫውቱኝ በል። ማሸነፍህን ሳይሆን በአንድ ጌም ስንት ነጥብ እንዳገኘህ ቁጠር። በመጀመሪያው ጉዞ አራት፣ በሁለተኛው ስድስት ካገኘህ መንገድ ላይ ነህ፤ ሥራውን ሳትለቅ ሁለት ሦስት ትንንሽ ውድድር መግባት ትችላለህ፣ ስምህም ከነባንዲራው ከደረጃው ዝርዝር ላይ ይወጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ካልሆነ ደግሞ ያየኸው ሁሉ ለምታሠለጥናቸው ልጆች ይሆንልሃል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሠርተህ ጻፍልኝ። ማታ እንግዳ ሲያልቅ ብቻህን ግባ። ከፍሪጅ የወጣች ኳስ ያዝ። በቀኝ በኩል ግድግዳውን ታክካ፣ ከሰርቪስ ሳጥኑ ኋላ የምትወድቅ ቀጥተኛ ምት ሳታቋርጥ ስንት መምታት እንደምትችል ቁጠር። ከሳጥኑ ፊት ከወደቀች ወይም ወደ መሀል ከወጣች ከዜሮ ጀምር። በግራም እንዲሁ። እኔ ናይሮቢ በሄድኩበት ጊዜ ብፈተን አሥር የምሞላ አይመስለኝም። የምትጫወትባት ኳስ ነጥቧ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነም ጨምርበት፤ አንድ ቢጫ ከሆነች፣ ከሁለት ቢጫዋ የበለጠ ስለምትነጥር፣ ከላይ ስለ ደብዳቢነት ያልኩትን እጥፍ አድርገህ አንብበው።